«ጤዛ»ን ከሠሪው እጅ፦ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ስላለው ሳንኮፋ የመጻሕፍት፣ የፊልምና የቡና ቤት

«ጤዛ» የተሰኘውን የኃይሌ ገሪማን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በተሰረቀ ቅጂ ነው። ያን ጊዜ በምኖርበት ከተማ በርበሬ፣ ሽሮ፣ እንጀራና የስልክ ካርድ ከሚሸጥ አንድ ሱቅ፣ ሽፋኑ በተራ ማተሚያ የተባዛና ቀለሙ የፈዘዘ ዲስክ በ5 ዶላር ገዝቼ ገባሁ። ማታ ልጆቹን አስተኝተን ከባለቤቴ ጋር ማየት ስንጀምር፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ከጀርመን ወደ እናቱ ቤት ተመልሶ ገና ከመንደሩ ሰው ጋር በቅጡ ሳይላመድ ምስሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ድምፁ ከከንፈር እንቅስቃሴ ተለየ፤ ቀጥሎም አንድ ፊት ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ዲስኩን አውጥቼ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁና መለስሁት፤ እዚያው ቦታ ሲደርስ ደግሞ ቆመ። ባለቤቴ «ተወው፣ ነገ ይቀይሩልሃል» አለችኝ፤ በማግሥቱ ስሄድ ግን ሻጩ «ሁሉም እንደዚያው ነው» ብሎ መለሰኝ። በእውነት ያፈርሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ሰው ከ10 ዓመት በላይ የለፋበትን ሥራ፣ ለሠሪው አንዲት ሳንቲም በማትደርስበት መንገድ ገዝቼ፣ ያውም ግማሹን እንኳ ሳላይ መቅረቴ ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖረ።

ኑሮዬን ወደ ሜሪላንድ አዛውሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ በኋላ፣ ያ ፊልም በትክክለኛ ባለቤቱ እጅ የሚሸጥበት ቤት ከእኔ ጋር በአንድ ጎዳና ላይ መሆኑን ተረዳሁ። ጆርጂያ አቬኑ በሲልቨር ስፕሪንግ መሀል አልፎ ወደ ደቡብ ሲወርድ ዋሽንግተን ዲሲ ይገባል፤ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ሲደርስም በቁጥር 2714 ላይ ሳንኮፋ ይገኛል። ቤቱን የመሠረቱት የጎንደሩ ተወላጅ ፊልም ሠሪ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማና ባለቤታቸው፣ ራሳቸውም ፊልም ሠሪ የሆኑት ሺሪኪያና አይና ናቸው፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በዚያው ቦታ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው የአንድ ቀን ስሜት ተከትሎ የመጣ አስተያየት አይደለም።

ሳንኮፋ በአንድ ጣሪያ ሥር የመጻሕፍት መደብር፣ የፊልም መሸጫና ካፌ ነው። መደርደሪያዎቹ የያዙት በአብዛኛው የጥቁር ሕዝብን ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና ፖለቲካ የሚመለከቱ መጻሕፍትን ነው፤ የሕፃናት መጻሕፍትም ራሳቸውን የቻሉ ድርሻ አላቸው። እዚህ አገር ለተወለዱ ልጆቼ፣ ገጸ ባሕርያቱ እነርሱን የሚመስሉ የሥዕል መጻሕፍትን ስፈልግ በትልልቆቹ መደብሮች መደርደሪያ ለመደርደሪያ ስዞር የምውልበትን ጊዜ፣ እዚህ የማጠፋው በመምረጥ ብቻ ነው። ከመጻሕፍቱ ጋር ደግሞ ፊልሞቹ አሉ፤ ቤቱን ከሌላ ማንኛውም የመጻሕፍት ካፌ የሚለየውም ይህ ነው።

«ሳንኮፋ» የሚለው ቃል የመጣው ከጋናው የአካን ሕዝብ ቋንቋ ሲሆን፣ ትርጉሙ ወደ ኋላ ተመልሰህ የተውኸውን አንሣ እንደማለት ነው፤ ምልክቱም አንገቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወፍ ነው። ኃይሌ ገሪማ በዚህ ስም የሠሩት ፊልም፣ በጋና የባሕር ዳርቻ ከሚገኙት የባሪያ ንግድ ምሽጎች በአንዱ ፎቶግራፍ ለመነሣት የመጣች አንዲት ዘመናዊት ሴት ወደ ኋላ ተወስዳ በባርነት ዘመን ራሷን ስታገኘው የሚያሳይ ነው። ምሽጉ ለፊልሙ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ሰዎች በእርግጥ ታስረው የተሸጡበት ግድግዳ ነው፤ ካሜራው በእነዚያ ድንጋዮች ላይ ሲሄድ ተመልካቹ የሚሰማው ክብደት በስቱዲዮ ሊሠራ አይችልም። ፊልሙ በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል በውድድር ቀርቦ ታየ። ይሁንና አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ኩባንያ አልተገኘም።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሱቁ ምን እንደሆነ የሚገባው ይህ ታሪክ ሲታወቅ ነውና። አከፋፋዮች ፊታቸውን ባዞሩበት ጊዜ ባልና ሚስቱ ጆርጅታውን ውስጥ የነበረውን ባዮግራፍ የተባለ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ፊልሙን በራሳቸው አሳዩ። ተመልካቹ ለተመልካች እየነገረ አዳራሹ እየሞላ 11 ሳምንት ዘለቀ፤ በሌሎች ከተሞችም የየአካባቢው ሰው እየተደራጀ በዚሁ ዘዴ ታየ። ዛሬ ባዮግራፍ የለም፤ በ1996 ተዘግቶ ቦታው መድኃኒት ቤት ሆኗል፤ ሰው ሳል ማስታገሻና ሻምፑ ገዝቶ ይወጣበታል። በዚያው ኤም ጎዳና ወደ ምዕራብ ቢራመዱ ደግሞ «ዘ ኤግዞርሲስት» የተባለው አስፈሪ ፊልም የተቀረጸበትን የታወቀ ባለ 75 እርከን ደረጃ ያገኛሉ፤ ከተማው የመታሰቢያ ጽሑፍ አድርጎለታል፤ ጎብኚው ከየአገሩ እየመጣ ፎቶግራፍ ይነሣበታል። እኔም ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሲኖረኝ ደረጃውን አሳያለሁ፤ ከዚያ ግን ወደ መድኃኒት ቤቱ በር እወስደውና «እዚህ ቤት ውስጥ የአንድ ጎንደሬ ፊልም ለ11 ሳምንት ታይቷል» እለዋለሁ። ሦስተኛው መቆሚያችን ጆርጂያ አቬኑ ነው፤ በር ከፍተን የምንገባበት፣ የምንቀመጥበትና የምንገዛበት ቦታ እርሱ ብቻ ነውና።

«ጤዛ»ን ከሳንኮፋ ገዝቼ ወደ ቤት የወሰድሁት በመጀመሪያው ጉብኝቴ ነው። ያን ዕለት ማታ አንድ በጎረቤታችን ያሉ ታላቅ ሰው ጋበዝን። ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው፤ የደንቢያ ልጅ ናቸው፤ ጣና ዳር ከብት ሲጠብቁ አድገው በኋላ ጎንደር ከተማ ተምረዋል፤ አሜሪካ ከገቡ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ፊልም የማየት ልማድ የላቸውም፤ ያስጨነቅኋቸው እኔ ነኝ። ፊልሙ ሲጀመር እጃቸውን አጣጥፈው ወደ ኋላ ተደግፈው ነበር። ሐይቁ ሲመጣ ቀስ ብለው ወደ ፊት ተጠጉ፤ መነጽራቸውን አወለቁና በጋቢያቸው ጠርገው መልሰው አደረጉት። «ይኸን ብርሃን እኔ አውቀዋለሁ፤ ጧት ነው፤ ጉሙ ገና አልተነሣም» አሉ። ሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሙሉ ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ ያ የድሮው ቅጂ ከቆመበት ቦታ አልፈን መሄዳችንንም ያስተዋልሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

«ጤዛ» የሚያወራው በሕክምና ሳይንስ ተምሮ ሕዝቡን ለማገልገል ተመኝቶ ስለተመለሰ አንድ ምሁር ነው፤ በጀርመን የተማሪነት ዘመኑ፣ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ያየው መከራና በመጨረሻ ወደ መንደሩ ሲመለስ የሚያገኘው ሕይወት እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ከሁሉ ይልቅ ያስለቀሰኝ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ የሚደበቁት የመንደሩ ወጣቶች ናቸው። ጋሼም በዚያ ቦታ ላይ «እኛም ሰፈር እንደዚሁ ነበር» ካሉ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የፊልም መቅረጫ ቦታ ምርጫ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያን ቀን በሚገባ ተረዳሁ፤ ዳይሬክተሩ ያደገበትን አገር ያውቀዋልና ኮረብታውን ለጌጥ አላሳየውም፤ ጣሊያን በወረረ ጊዜ ያስቀረው ምልክት ያለበት ተራራ፣ ሐይቁ፣ የእናት ቤት ጭስ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይሠራል። ኃይሌ ገሪማ ተውኔት ጸሐፊና አርበኛ የነበሩት የገሪማ ታፈረ ልጅ መሆናቸው ሲታሰብ፣ የአባት ትረካ እንዴት ወደ ልጅ ካሜራ እንደገባ ይታያል።

ጋሼ በሳምንቱ «ያን ሱቅ አሳየኝ» አሉኝ። ቅዳሜ ከቀትር በፊት ወረድን። እንደገባን ቡና አዘዝንና ጠረጴዛ ያዝን፤ የቡናው ሽታና የአዲስ መጽሐፍ ወረቀት ሽታ ተደባልቆ የሚሸትበት ቤት ነው። ከምግቡ ሳንድዊቾቹን መርጠናል፤ ሳንድዊቾቹ የተሰየሙት በጥቁር ፊልም ሠሪዎች ስም ነው። የምግብ ዝርዝሩን ለጋሼ ሳነብላቸው ስሞቹ የማን እንደሆኑ ጠየቁኝና፣ ከምግቡ በፊት ስለ ሰዎቹ ስናወራ ቆየን። ስለ ምግቡ ብዙ የምለው የለኝም፤ ትኩስ ነው፣ ያጠግባል፣ ከፍለን ስንወጣም «ተወደደብን» አላልንም። ሰው ወደዚህ ቤት የሚመጣው ምላሱን ፍለጋ ሳይሆን ወሬውን ፍለጋ ነው፤ ወሬውን ያለ አንዳች ጥድፊያ እንዲያወራ የሚተውት መሆናቸው ደግሞ ለእኔ ትልቁ ዋጋ ነው። ብዙ ካፌዎች ውስጥ ሲኒው ባዶ ሲሆን ዓይን ይበዛብሃል፤ እዚህ ጋሼ መጽሐፍ እየገለጡ፣ እኔ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ እየሄድሁ ሁለት ሰዓት ተቀምጠናል።

ወሬያችን ወደ ሽልማት የሄደው ጋሼ «ይኸ ሰውዬ ኦስካር አግኝቷል?» ብለው በመጠየቃቸው ነበር። አላገኙም። ኢትዮጵያም እስከ ዛሬ በውጭ ቋንቋ ፊልሞች ዘርፍ ለእጩነት አልደረሰችም፤ በ2010 ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራው «ዘ አትሌት» የመጀመሪያው ተወካያችን ሆኖ ተላከ፤ በ2014 የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»፣ በ2015 ደግሞ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ተከተሉ። «ድፍረት» በሰንዳንስና በበርሊን ተመልካቹ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ የሚመርጠውን ሽልማት አግኝቷል፤ «ላምብ» በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ለመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። «ጤዛ» ደግሞ በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን ወሰደ፤ በዚያው ዓመት በቱኒዚያው የካርቴጅ ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት አገኘ፤ በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ።

ይኸን ስነግራቸው ጋሼ የቬኒሱን ሰምተው ዝም ሲሉ የፈረሱን ግን ደጋግመው ጠየቁኝ። የኔንጋ የሞሲ ሕዝብ በአፈ ታሪኩ እናቴ የሚላት፣ በፈረስ ላይ ሆና የተዋጋች ልዕልት ናት፤ ሐውልቷም ፈረሷ ላይ እንደተቀመጠች የሚያሳይ ነው። «ይህስ የእኛ ሽልማት ይመስላል» አሉ። እኔም እንደ እርሳቸው ይሰማኛል። የኦስካርን ምሽት ዓለም ሁሉ ስለሚያየው ሌላው ሽልማት ሁሉ የሱ ታናሽ መስሎ ይታየናል፤ ፌስፓኮ ግን አፍሪካዊ ተመልካች ክፍት ሜዳ ላይ ጭምር ተቀምጦ የራሱን ፊልም የሚያይበት በዓል ነው፤ እዚያ ማሸነፍ ማለት ነገርህን ሳታብራራለት የሚገባው ሰው «አዎ» አለህ ማለት ነው። ሆኖም የሆሊዉድ ደጅም ጨርሶ አልተዘጋም፤ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያቋቋመው የፊልም ሙዚየም በ2021 ሲከፈት፣ የፊልምን ዓለም የተለመደ ትረካ ለሚፈትኑ ሰዎች የሚሰጠውን የቫንቴጅ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው ለኃይሌ ገሪማ ነው። በዚያው ዓመት «ሳንኮፋ» በአዲስ መልክ ታድሶ አሬይ በተባለ አከፋፋይ ኩባንያ አማካይነት በኔትፍሊክስ ቀረበ። አከፋፋይ ካጣ ከ28 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ፊልሙን ለሚፈልገው ሰው ያቆየው ማን ነው? መልሱ የተቀመጥንበት ቤት ነበር። ሽልማት የአንድ ምሽት ዜና ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ቅጂውን ማስቀመጥ፣ ማባዛት፣ መሸጥና ለጠየቀ ማሳየት አለበት። ባልና ሚስቱ ማይፌዱህ ፊልምስ በተባለ የራሳቸው ድርጅት ያከፋፍላሉ፤ የፊልም ሥራቸውንም «ነጎድጓድ» በሚል ስም ይሠራሉ፤ ሱቁ የዚህ ሰንሰለት የመጨረሻ ቀለበት ነው። አንድ የአማርኛ ፊልም ሠሪ «ገበያው ተዘረፈ፣ በሳምንቱ ተባዝቶ ጎዳና ላይ ዋለ» ብሎ ሲያዝን ስሰማ፣ ይህ ቤት የሰጠው መልስ ትዝ ይለኛል፤ ሌላው እስኪያከፋፍልለት አልጠበቀም፤ መደርደሪያውን ራሱ ሠራ። ለሁሉም ሰው የሚቻል መንገድ ነው አልልም፤ 30 ዓመት ገደማ በአንድ ቦታ መቆም ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ ንግድ የሞከረ ያውቀዋል። አካባቢው በተወደደ ቁጥር የንብረት ግብሩ ከአቅም በላይ እየሆነ ሲመጣ፣ ደንበኞችና የሰፈሩ ሰዎች ድምፃቸውን አሰምተው በ2019 የዲሲ ምክር ቤት ለሳንኮፋ የ10 ዓመት የግብር እፎይታ አጽድቆለታል። ደንበኛ ሱቅ እንዳይዘጋ ወደ ምክር ቤት መሄዱ፣ ስለ ሱቁ ከማንኛውም ኮከብ አሰጣጥ የበለጠ ይናገራል።

ቦታውም የራሱ ትርጉም አለው። ሃዋርድ በ1867 የተመሠረተ የጥቁር ሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ኃይሌ ገሪማ ከ1975 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ፊልም ያስተማሩት እዚሁ ነው። ከተማሪዎቻቸው መካከል ብራድፎርድ ያንግ ይገኝበታል፤ «አራይቫል» በተባለው ፊልም ባሳየው የካሜራ ሥራ ለኦስካር የታጨ ባለሙያ ነው። «አራይቫል»ን ሳይ ጭጋጉን፣ ጨለማውንና ፊትን ከአንድ ወገን ብቻ የሚነካውን ብርሃን አይቼ አድንቄ ነበር፤ የዚያ ዓይን ትምህርት ከዚህ ጎዳና ማዶ መጀመሩን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ሱቁ ውስጥ ስቀመጥ ደብተር የያዙ ተማሪዎች ይገባሉ፤ መጽሐፍ ይዘው ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ስለ ፊልም ይከራከራሉ። አንዱ ወጣት ስለ ፊልም ሠሪዎቹ ስለ ጁሊ ዳሽና ስለ ቻርልስ በርኔት ሲያወራ ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁት፤ ሁለቱም ኃይሌ በሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ አብረዋቸው ካደጉት ትውልድ ናቸው። እኔ በአገሬ ልጅነት ኮርቼ የገባሁበት ቤት፣ ያ ወጣት ደግሞ በራሱ ታሪክ ኮርቶ የተቀመጠበት ነው፤ ሁለታችንም ባለቤት መስለን መቀመጣችን ደስ አሰኘኝ።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልናገር። ጆርጂያ አቬኑ ላይ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ከባድ ነው፤ በተለይ ዩኒቨርሲቲው ትምህርት ላይ ሲሆን ሰፈሩን ሦስት ጊዜ መዞር ይኖርባችኋል። በምድር ባቡር ከሆነ በአረንጓዴው መስመር ሾው–ሃዋርድ ጣቢያ ወርዶ ወደ ሰሜን ሽቅብ መራመድ ነው፤ ጉልበት ላላቸው የሚመች መንገድ ነው፤ እንደ ጋሼ ላሉ ሰዎች ግን መኪናው ይሻላል። ፊልም የምትገዙ ከሆነ ቤታችሁ የዲስክ ማጫወቻ መኖሩን አስቀድማችሁ አስቡ፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን ዲስኩን ይዤ ከገባሁ በኋላ ነው ማጫወቻ እንደሌለን ያስታወስሁት፤ ማታውኑ ከጎረቤት ተውሼ አገናኘሁት። በኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ ማንበቢያ መግዛቱ ብዙም ወጪ የለውም፤ ለእነዚህ ፊልሞች ሲባል ይገባዋል እላለሁ። መጽሐፍ የደራሲ ዝግጅት ባለበት ቀን መግዛትም ጥሩ ነው፤ ቤቱ እንዲህ ያሉ ዝግጅቶችን ያስተናግዳል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ጊዜውን ጠይቁ።

ከየትኛው ፊልም ልጀምር ለሚለኝ ሰው የምሰጠው ምክር ከብዙዎቹ ይለያል። ከ«ጤዛ» ሳይሆን ከ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጀምሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በወረዱበት ሰሞን፣ ወታደራዊው መንግሥት ገና እጁን ሳያጠነክር፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አገር ቤት ገጠር ላይ የተቀረጸ ነው፤ በ1976 ወጥቶ በሎካርኖ ተሸልሟል፤ በኋላም የቦሎኛው የፊልም ቤተ መዛግብት ከአሜሪካዊው ዳይሬክተር ከማርቲን ስኮርሴዚ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ አድሶታል። የጭሰኛ ቤተሰብ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ወደ ሥራ ሲሰማራ፣ ባለ መሬቱ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ሲጮኽባቸው፣ ያበደ የተባለው ከበበ ደግሞ ማንም ያልደፈረውን እውነት በአደባባይ ሲናገር ታያላችሁ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ፊልም ነው፤ ዘንድሮ በለመድነው ፍጥነት ለሚያይ ሰው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይከብዳል። ታገሡት። ያ ዝግታ የእርሻ ዝግታ ነው፤ በሬ ካልቸኮለ ካሜራው አይቸኩልም። ያን መልክዓ ምድር ያን ዓመት ባይቀርጹት ኖሮ፣ የገባርና የባለ ርስት ዘመን በሚያልፍበት በዚያች ጠባብ ጊዜ የገበሬውን ፊት እንዲህ በቅርብ የምናይበት ነገር ባልኖረን ነበር።

ጋሼ የገዙት ይህንኑ ነው። ስንወጣ ዲስኩን ከረጢት ውስጥ አላስገቡትም፤ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንደርስ ጭናቸው ላይ አድርገው ሽፋኑን ሲያዩ መጡ። «አባቴ ጭሰኛ ነበር» አሉኝ፤ ለዓመታት ስንተዋወቅ ነግረውኝ አያውቁም። ቤታቸው አድርሻቸው ተመለስሁ። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው አይተው መጨረሳቸውን ነገሩኝ፤ ከዚያም ልጃቸውን ወደ ሱቁ መውሰድ እንደሚፈልጉ፣ እርሷ ስለምትነዳ እኔ መኪና ማቆሚያ የማገኝበትን ቦታ ብቻ እንዳሳያት ጠየቁኝ።